ፍቅፋቂ

ረሖቮት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ፣
መኪና የሚቆምበት ሜዳ መሐል፣ እዚህ፣
ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለ፣ ጣራው የተቀደደ፣
ጌታው ከነስሙ ድሮ የነጐደ።
ማዘጋጃ ቤቱ «ቅርስ ነው» ብሎ ጽፎ
እኔን ቀጠረበት፣ ምላጭ አስታቅፎ።
«ፋቂው» ትላለች ኦስናት፣ አለቃዬ፣ «በቀስታ፣
የመጀመሪያው ቀለም እስኪታይ፣ ቦታ ቦታ።»

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ግንብ እንደ ሽንኩርት መላጥ፣
አንዱን ዘመን አንስቶ ሌላውን መግለጥ።

ላይኛው ነጭ ኖራ፣ በችኮላ የተቀባ፣
በሃምሳዎቹ ነው፣ ስድስት ቤተሰብ ሲገባ፤
ባንዱ ሳሎን አድረው፣ በብርድ ልብስ ጋርደው፣
አንዱ ሲያስል ሌሎቹ ይነቁ ነበር ተናደው።

ከሱ ሥር አረንጓዴ፣ የወታደር ዓይነት፤
የእንግሊዝ መኮንን ካርታ ሰቅሎበት፣
ለምስማር ሲል ብቻ ግንቡን የበሳበት።

ከሱ ሥር ሰማያዊ፣ የባለቤቱ ምርጫ፣
ጠርዙ የወይን ሐረግ፣ የሀብቱ መግለጫ።
ፋይቭል ዛክሃይም ነበር፣ ከኦዴሳ የመጣ፣
እርሻን ከመጽሐፍ አንብቦ ገበሬ ልሁን ብሎ የወጣ።
ጣራውን ከማርሴይ በመርከብ አስጭኖ፣
ወለሉን በአበባ ንጣፍ አስከድኖ፣
ሰገነት አወጣ፣ በብረት አጥር አጥሮ፣
ከዚያ ሆኖ ሊያይ ብርቱካኑን ቆጥሮ።

ከላይ ሰው፣ ከታች ውሃ፤ የቤቱ ዘዴ ይኸው ነው፤
ምድር ቤቱ ጉድጓድ ነው፣ ሠላሳ ክንድ የጠለቀው።
በቅሎ ዓይኗን ታስራ ስትዞር፣ ስትዞር፣
የእንጨት ባልዲ ከጥልቁ ሲወጣ፣ ውሃው ሲሰፈር፤
ኋላም በበቅሎዋ ፋንታ ሞተር ተተክቶ
የጌታው አልጋ ሲንቀጠቀጥ ያድር ነበር፣ እንቅልፉን ነሥቶ።

ይህን ሁሉ ግንቡ አልነገረኝም፣ አልዋሽም፤
ግማሹ የሽማግሌው የየፌት ነው፣ ማኅደር አያውቀውም።
«አባቴ እዚያ መጋዘን» ይላል፣ «ብርቱካን ሲጠቀልል፣
እያንዳንዷን በስስ ወረቀት፣ እንደ ሕፃን፣ እንዳትቆስል፤
እኛ ግን…» ይልና ይስቃል፣
«እኛ ግን ያለ ብርድ ልብስ ነበርን።»

ዛሬ ከሰማያዊው ሥር ምላጬን ሰደድኩ።
ቀለም አልቋል። ግራጫ ልስን ላይ ደረስኩ።
በከሰል የተጫረ ሰረዝ፦ አራት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ፤
የድንጋይ ቁጥር ይሁን የቀን፣ አልነበረውም ጠያቂ ወይ ሰሚ።
ከጎኑ በዐረብኛ አንድ ስም፦ ሩብሒ።
ሩብሒ ማነው? የጋዛ ግንበኛ? የያፋ ድንጋይ ጠራቢ?
በውሉ ላይ የለም፤ ውሉ ላይ ያለው ዋጋው ነው፣
«ድንጋይ፣ ኖራ፣ የሰው ጉልበት» ተብሎ በአንድ መስመር የተቋጨው።

አባቴ ትዝ አለኝ፣ አምቦበር፣ መዶሻው ወገቡ ላይ፣
ግንቡን የሚያወድስ ሁሉ እጁን በፍርሃት ሲያይ።
መሬት ለእኛ ክልክል ነበር፤ ድንጋዩ ግን እጃችንን ያውቃል፤
ባለቤት ይሞታል፣ ግንበኛ ይረሳል፣
ማዕዘኑ ይጠብቃል።

«የመጀመሪያው ቀለም የቱ ነው?» አለች ኦስናት፣ ወረቀቷን ይዛ።
ሰማያዊው ነው ብላት ሥራው ያልቃል፤ ቀለሙም መጥቷል ተገዝቶ፣ በባልዲ፣ እንደዋዛ።
«የመጀመሪያው» አልኳት «ቀለም አይደለም፤ ሰው ነው።»
ዝም አለች። ከዚያ፦ «ሰው በሜትር ካሬ ስንት ነው?»

ከጓሮ አንድ ዛፍ ቀርቷል፣ ከሺህ ዛፍ የተረፈ።
በላዩ የተዳቀለው ጣፋጩ ቅርንጫፍ ደርቆ ረገፈ፤
ከሥሩ ኮምጣጣው አቆጠቆጠ፣ ተሸካሚው፣
ስሙ ሳጥን ላይ ያልተጻፈ።
አንዱን በምላጬ ላጥኩ፤ አፌን አኮማተረው፤
እስከ ማታ አብሮኝ ዋለ፣ ውሃም አልሻረው።

ግንቡን ሰማያዊ ቀባሁት።
ከበሩ ጀርባ ብቻ፣ አንድ ክንድ ያህል ግራጫ፣
ሰረዙንም፣ ስሙንም፣ እንዳለ ተውኩት።
ኦስናት ሜትሯን ዘርግታ ለካችው።
ከሒሳቤ ላይ ግን አልቀነሰችውም።